ሣሩን አትርገጡ፦ የሜልበርን ክሪኬት ሜዳ ታሪክ

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሰለፈችው በክሪኬት ሜዳ ላይ ነው። ኅዳር 13 ቀን 1949 ዓ.ም. በሜልበርን ከተማ ሰንደቅ ዓላማችንን ይዘው የገቡት ስፖርተኞች የቆሙበት ስፍራ፣ አብዛኞቻችን ሕጉን በቅጡ ለማናውቀው የእንግሊዞች ጨዋታ መቶ ዓመት ሙሉ ሲጠበቅ የኖረ ሣር ነበር። ማሞ ወልዴ ሲነሣ ሁላችንም ሜክሲኮን እናስታውሳለን፤ ሜልበርንን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ሜዳውንማ ማን ያነሣዋል?

እኔ ላንሣው። የአውስትራሊያ ሰዎች ሜልበርን ክሪኬት ግራውንድ ይሉታል፤ የከተማው ነዋሪ ደግሞ አሳጥሮ «ጂ» ብቻ ይለዋል። መቶ ሺህ ሰው ይይዛል። በዓለም የመጀመሪያው የአገሮች የቴስት ክሪኬት ግጥሚያ የተካሄደው እዚህ ነው፤ የመጀመሪያው የአንድ ቀን የአገሮች ግጥሚያም እንዲሁ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዚህን ሜዳ ታሪክ ለመረዳት የሕንፃውን ሳይሆን የሣሩን ታሪክ መከተል ይቀላል፤ ከመነሻው ጀምሮ ጠቡ ሁሉ «ማን ይርገጠው፣ ማን አይርገጠው» የሚል ነበርና።

በመጀመሪያ ግን ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል። ገና ጨዋታን የሚያውቅ አንባቢ ዱላና ኳስ ሲሰማ ዘመድ ያገኘ ይመስለው ይሆናል፤ ክሪኬት ግን መንገዱ ሌላ ነው። በሰፊ ሣር መሃል 20 ሜትር ያህል የምትረዝም ጠባብ የመሬት ንጣፍ አለች፤ ፒች ይሏታል። በሁለቱም ጫፎቿ ሦስት ሦስት እንጨቶች ተተክለዋል። ወርዋሪው ከአንዱ ጫፍ ተንደርድሮ ጠንካራዋን የቆዳ ኳስ ይወረውራል፤ በሌላው ጫፍ የቆመው መቺ በጠፍጣፋ ዱላው እንጨቶቹን ይከላከላል። ሲመቸው ኳሷን አርቆ ይመታትና ከማዶ ከቆመው ጓደኛው ጋር ቦታ ለመለዋወጥ ይሮጣል፤ በተለዋወጡ ቁጥር አንድ ነጥብ ይቆጠራል። ኳሷ መሬት ሳትነካ ከሜዳው ዳር ካለፈች ስድስት ነጥብ ነው። እንጨቶቹ ከተመቱበት ወይም የመታት ኳስ ከአየር ላይ ከተቀለበችበት መቺው ይወጣል። ዐሥር ሰዎች ሲወጡ ተራው ለሌላው ቡድን ይሆናል። ቴስት የሚባለው አንጋፋው ዓይነት እስከ አምስት ቀን ይፈጃል፤ አምስት ቀን ተጫውቶ ያለ አሸናፊ መለያየትም የተለመደ ነው። ትዕግሥቱን ይስጠን።

ሁሉ ነገር የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው፦ የተወረወረችው ኳስ አብዛኛውን ጊዜ መቺው ጋር የምትደርሰው ከፒቿ ላይ ነጥራ ነው። መሬቱ ደረቅና ጠንካራ ከሆነ ኳሷ ትፈጥናለች፤ ከተሰነጠቀ ወዳልታሰበ አቅጣጫ ትጠመዘዛለች፤ ከዝናብ በኋላ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ማንም የማይተነብየው ይሆናል። በሌሎች ስፖርቶች ሜዳው መጫወቻ ብቻ ነው፤ በክሪኬት አፈሩ ራሱ ከተጫዋቾቹ እንደ አንዱ ነው። የክሪኬት ክለቦች ሣራቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁት ለዚህ ነው።

የሜልበርን ክሪኬት ክለብ የተመሠረተው በ1838 ነው፤ ከተማዋ ራሷ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለች። በ1853 ክለቡ ይጫወትበት በነበረው ቦታ ላይ የባቡር ሐዲድ ሊያልፍ ሆነ። መንግሥት ሌላ ቦታ እንዲመርጥ ሲጠይቀው ክለቡ ከያራ ወንዝ አቅራቢያ የፖሊስ ፈረሶች ይግጡበት የነበረውን መስክ መረጠ። መስኩ ግን ከፈረሶቹም በፊት ባለቤት ነበረው። የኩሊን ሕዝቦች ወገን የሆኑት ዉሩንጄሪዎች ከጥንት ጀምሮ የሚሰበሰቡበት አካባቢ ነው። ዛሬም ከስታዲየሙ ጥቂት እርምጃ ርቀው፣ ቅርፊታቸው ለታንኳና ለመሳሰሉት ሥራዎች የተላጠ ያረጁ የባሕር ዛፍ ዝርያዎች ቆመዋል። ጠባሳው በግንዳቸው ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። ወደ ኳስ የሚጣደፈው ሕዝብ አብዛኛው ሳያያቸው ያልፋል።

ክለቡ መሬቱን እንዳገኘ አጠረው፣ አስተካከለው፣ ሣር ዘራበት። ከዚያ ጠቡ ጀመረ።

ቶም ዊልስ የሚባል ስመ ጥር የክሪኬት ተጫዋች በ1858 ለአንድ ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ። ክሪኬት በክረምት ስለሚቆም ተጫዋቾች ሰውነታቸው እንዳይተሳሰር አንድ ዓይነት የእግር ኳስ ክለብ ይቋቋም የሚል ሐሳብ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሕጉ ተጻፈ፤ ዛሬ አውስትራሊያውያን የሚያብዱበት፣ እንቁላል መሳይ ኳስ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት የራሳቸው እግር ኳስ ከዚያ ተወለደ። እንግዲህ ይህን ጨዋታ የወለዱት ክሪኬተኞች ራሳቸው ናቸው። ሆኖም ልጁ ሲወለድ ወላጁ ቤት አላስገባውም፤ በክረምት ጭቃ ላይ የሚራኮቱ አርባ ጫማዎች ሣሩን ያበላሹታል ተብሎ እግር ኳሱ ከአጥሩ ውጭ በዛፎች መካከል እንዲካሄድ ተደረገ።

ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔን በጣም የሚያስቀኝ በ1876 የሆነው ነው። ክለቡ ሁለት ሺህ ሰው የሚያስቀምጥ፣ የሚገለበጥ የእንጨት መቀመጫ ሰገነት ሠራ። በበጋ ተመልካቹ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ ክሪኬት ያያል። ክረምት ሲገባ መቀመጫው ይገለበጥና ጀርባውን ለተከበረው ሣር ሰጥቶ፣ ከአጥሩ ውጭ በመናፈሻው ላይ የሚካሄደውን እግር ኳስ ይመለከታል። ሣሩን ላለማስረገጥ ሰገነት ማገላበጥ! ሰገነቱ በ1884 በእሳት ተቃጠለ። ያኔ ግን ትርጉሙን አጥቶ ነበር፤ እግር ኳሱ የሚሰበስበው የመግቢያ ገንዘብ ዓይን የሚሞላ ስለሆነ በ1870ዎቹ በሩ ተከፍቶለት ነበርና። ዛሬ በዚህ ሜዳ በየዓመቱ ከ40 በላይ የእግር ኳስ ግጥሚያዎች ይካሄዳሉ። የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ እስከ 2059 ድረስ እዚሁ እንዲሆን ውል ታስሯል። በ1970 ፍጻሜውን 121,696 ሰው ተመልክቶታል። ስሙ የክሪኬት ሜዳ ነው፤ እንጀራውን የሚጋግርለት ግን አጥር ዘሎ የገባው ልጅ ነው።

የዊልስ ታሪክ በዚህ አያበቃም። በ1861 በኩዊንስላንድ የአገሬው ተወላጆች የአባቱን ሠፈር አጥቅተው አባቱን ጨምሮ 19 ሰዎች ገደሉ፤ ሰፋሪዎቹ በበቀል የገደሉት ሰው ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ያ ሰው ነው እንግዲህ ከአምስት ዓመት በኋላ ከምዕራብ ቪክቶሪያ የተውጣጡ የተወላጆች ቡድን አሠልጥኖ፣ በገና ማግሥት 1866 ከሜልበርን ክለብ ጋር ለመግጠም ወደዚህ ሜዳ ይዞ የገባው። ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ መጣ። መሬታቸው የነበረውን ሣር በእንግድነት የረገጡት እነዚያ ተጫዋቾች ቢሸነፉም ተመልካቹ አጨበጨበላቸው። ከእነርሱ መካከል ጥቂቶቹ በ1868 እንግሊዝን ከጎበኘው ቡድን ጋር ተጓዙ፤ ከአውስትራሊያ ወደ እንግሊዝ የተሻገረ የመጀመሪያው የክሪኬት ቡድን እርሱ ነው። ዊልስ ስለ አባቱና ስለ ቡድኑ ምን እያሰበ በመሃላቸው እንደ ቆመ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ በአንድ አንቀጽ ልፈታው አልሞክርም።

የገና ማግሥት ነገር ቀረ ማለት አይደለም። ከ1980 ጀምሮ በዚያ ቀን የሚጀመረው ቴስት ቋሚ ልማድ ሆኗል። በ2013 በመጀመሪያው ቀን ብቻ 91,112 ሰው ገብቷል። እኛ ዘንድ ገና ሲደርስ ዱላ ይዞ ሜዳ መውጣት ነውር እንዳልሆነ ሁሉ እነርሱም ቤት እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቀን። መጋቢት 15 ቀን 1877 የእንግሊዝና የአውስትራሊያ ቡድኖች በዚህ ሣር ላይ ተገናኙ። ቴስት የሚለው ስምና ክብር የተሰጠው ከጊዜ በኋላ ነው፤ የዚያን ዕለት ማንም ታሪክ እየሠራ መሆኑን አላወቀም። ሊያውቅ የሚችልበት ሁኔታም አልነበረም፦ የእንግሊዝ ቡድን እንጨት ጠባቂ፣ ማለትም ከመቺው ጀርባ ቆሞ ኳስ የሚቀልበው ቴድ ፑሊ ከውርርድ በተነሣ ጠብ ተይዞ ኒው ዚላንድ ውስጥ እስር ቤት ቀርቷል። እንግሊዞቹ ያለ እርሱ ነው የገቡት። ለአውስትራሊያ በቅድሚያ የቆመው መቺ ቻርልስ ባነርማን እንግሊዝ ውስጥ የተወለደ ነበር። አንዲት ኳስ ጣቱን ሰንጥቃው ከሜዳ እስኪወጣ ድረስ 165 ነጥብ አስቆጠረ፤ ቡድኑ በዚያ ተራ በጠቅላላው ያገኘው 245 ነው። ሌሎቹ ዐሥር ሰዎች ተጋግዘው እንኳ የእርሱን ግማሽ አልደረሱም። አውስትራሊያ በ45 ነጥብ አሸነፈች።

ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በመጋቢት 1977፣ ሁለቱ አገሮች ለመታሰቢያው እዚያው ሜዳ ላይ ገጠሙ። ንግሥት ኤልሳቤጥም መጡ። አውስትራሊያ አሸነፈች፤ በስንት? በ45 ነጥብ። ማንም ደራሲ ይህን ቢጽፍ አጋነነ ይባል ነበር።

ከሁለቱ መጋቢቶች መካከል ያሉትን መቶ ዓመታት በሙሉ አልተርክም። ዶን ብራድማን፣ በክሪኬት ታሪክ አቻ ያልተገኘለት መቺ፣ የመጀመሪያውን የቴስት መቶ ነጥቡን በ1929 እዚህ አስቆጥሯል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ1942 ጀምሮ ስፖርቱ ሁሉ ቀርቶ ሜዳው የጦር ሠፈር ሆነ፤ የአሜሪካ አየር ኃይል ወታደሮች፣ ከዚያም ከጓዳልካናል ጦርነት የተመለሱት የአንደኛ ክፍለ ጦር የባሕር ወታደሮች በመቀመጫዎቹ መካከል አልጋ ዘርግተው ተኙ። ለእግር ኳስ ጫማ የተነፈገ ሣር የወታደር ቡትስ ጠገበ።

የ1956ቱ (በእኛ የ1949ኙ) ኦሊምፒክም ቢሆን በቀላሉ አልገባም። ውድድሩ ለሜልበርን ሲሰጥ የሜዳው ኃላፊዎች አንፈልግም አሉ፤ የመሮጫ መም ለማንጠፍ የክሪኬት ሜዳ ይቆፈር ማለት ለእነርሱ ቤተ ክርስቲያን ይፍረስ እንደ ማለት ነበር። ሌሎች ሜዳዎች ታሰቡ፣ ፖለቲከኞች ተጨቃጨቁ፣ ነገሩ የተቆረጠው በ1953 ነው። በ1955 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት አቬሪ ብራንዴጅ ለጉብኝት መጥቶ መጓተቱን ሲያይ ተቆጣ። የፈረስ ውድድሩ ደግሞ በአውስትራሊያ ጥብቅ የእንስሳት ኳራንቲን ሕግ ምክንያት ወደ ስቶክሆልም ተወሰደ፤ የፖሊስ ፈረሶች ይግጡበት የነበረ መስክ የፈረስ ኦሊምፒክ ሳያይ ቀረ።

በመክፈቻው ቀን ችቦውን ይዞ የገባው ሮን ክላርክ የተባለ የ19 ዓመት ወጣት ሯጭ ነበር፤ ከችቦው የሚረግፈው እሳት ክንዱን እያቃጠለው ሮጦ ለኮሰ። በዚያው መም ላይ የኛው ማሞ ወልዴ 800 እና 1,500 ሜትር ሮጠ፤ ከማጣሪያው አላለፈም። እነዚህን ሁለት ሰዎች ልብ በሉልኝ። በ1964 በቶኪዮ 10,000 ሜትር ክላርክ ሦስተኛ፣ ማሞ አራተኛ ወጡ። በ1968 በሜክሲኮ ከፍታ ላይ በዚያው ርቀት ማሞ የብር ሜዳሊያ ሲያጠልቅ፣ ክላርክ ስድስተኛ ሆኖ እንደ ገባ ራሱን ስቶ ወደቀ። ከቀናት በኋላ ማሞ የማራቶኑን ወርቅ ወሰደ። የአንዱ ክብርና የሌላው መጠነኛ ጅማሮ በአንድ ሜዳ ነበር፤ ፍጻሜያቸው ግን ተገለበጠ።

የሜልበርን ኦሊምፒክ ለዓለም ያወረሰው ነገርም አለ። ጆን ኢያን ዊንግ የተባለ የ17 ዓመት የከተማው ወጣት ለአዘጋጆቹ ደብዳቤ ጽፎ፣ በመዝጊያው ቀን ስፖርተኞች በየአገራቸው ከሚሰለፉ ተቀላቅለው እንደ አንድ ሕዝብ ይግቡ አለ። ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ የኦሊምፒክ መዝጊያ እንዲሁ ነው። ውድድሩ ሲያልቅ መሙ ተነሥቶ ሣሩ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ የክሪኬትን መልክ የለወጠው ዝናብ ነው ብል አላጋነንኩም። በ1970 መጨረሻና በ1971 መግቢያ የእንግሊዝና የአውስትራሊያ ቴስት አንዲት ኳስ ሳትወረወር በዝናብ ተሰረዘ። የጠፋውን ገቢ ለማካካስ ጥር 5 ቀን 1971 በአንድ ቀን የሚያልቅ፣ የውርወራው ብዛት የተወሰነ ግጥሚያ ተደረገ። ለማስታገሻ ተብሎ የተዘጋጀውን ጨዋታ 46,000 ሰው መጥቶ ተመለከተው። የአገሮች የአንድ ቀን ክሪኬት የተጀመረው በዚህ መልኩ ነው። ዛሬ የዓለም ዋንጫ የሚካሄድበት ዓይነት ማለት ነው፤ በ1992 በዚሁ ሜዳ በኢምራን ኻን የተመራችው ፓኪስታን በ87,182 ተመልካች ፊት እንግሊዝን አሸንፋ ዋንጫውን ወስዳለች። ኢምራን በኋላ የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

ገንዘብ መኖሩ ከታወቀ ደግሞ ነጋዴ አይጠፋም። የቴሌቪዥን ጣቢያ ባለቤቱ ኬሪ ፓከር የማስተላለፍ መብት ሲነፈግ ተቀናቃኝ ውድድር አቋቋመ። የ1977ቱ የመቶ ዓመት በዓል በድምቀት ሲከበር ከመጋረጃው ጀርባ የፓከር ሰዎች ያንኑ በዓል ያደመቁትን ተጫዋቾች በምስጢር እያስፈረሙ ነበር። የሌሊት መብራት፣ ባለ ቀለም ልብስና ነጭ ኳስ የተስፋፉት በእርሱ ውድድር ነው። ታላላቆቹ የክሪኬት ሜዳዎች ግን ፊት ነሱት፤ ሜልበርን ላይ የተረፈው ከከተማው ዳር ያለ የእግር ኳስ ስታዲየም ነበር። እዚያ ደግሞ ፒች የለም። ታዲያ ምን አደረገ? የሜዳ ባለሙያው ጆን ሜሊ ፒቿን ሌላ ቦታ ላይ በሲሚንቶ ገበታ ውስጥ አሳድጎ፣ በክሬን አንሥቶ ሜዳው መሃል አስቀመጣት። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል በእኛ አገር። በክሪኬት ግን ጌቶችም ይቆጣሉ፤ የካቲት 1 ቀን 1981 በዚሁ በሜልበርን ክሪኬት ሜዳ የሆነውን እዩ። ኒው ዚላንድ አንዲት ኳስ ቀርቷታል፤ አቻ ለመውጣት ስድስት ያስፈልጋታል። የአውስትራሊያው አምበል ግሬግ ቻፕል ለወርዋሪው፣ ለገዛ ታናሽ ወንድሙ ለትሬቨር፣ ኳሷን ከመወርወር ይልቅ በመሬት ላይ እንዲያንከባልላት ነገረው። የምትንከባለል ኳስ ማንም ስድስት አድርጎ አይመታትም። ሕጉ አይከለክልም ነበር። መቺው ብሪያን መኬክኒ በዱላው አቆማትና ዱላውን በንዴት ወረወረው። የኒው ዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ማልዱን ድርጊቱን ፈሪነት ብለው፣ አውስትራሊያውያኑ ቢጫ መልበሳቸው ተገቢ ነው ሲሉ ተሳለቁ፤ በእንግሊዝኛ ቢጫ የፈሪ ቀለም ነው። የቻፕል ወንድሞች በእውነቱ የተጫወቱት በሣሩ ነው፤ ኳሷ ሳትነጥር ስትቀር ጨዋታው ሁሉ እንደሚሞት ስለሚያውቁ። ወዲያው ሕጉ ተለወጠ።

ብዙ ጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ ሜዳው የማን ነው? መሬቱ የመንግሥት ነው። በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት መንግሥት የሚሾም የአደራ ቦርድ ይቆጣጠረዋል፤ በዕለት ተዕለት የሚያስተዳድረው ግን ያው የ1838ቱ ክለብ ነው። አባላቱ የራሳቸው የተከለለ መቀመጫ አላቸው፤ አባል ለመሆን የሚጠብቀው ሰልፍ ዐሥርተ ዓመታት ስለሚፈጅ ወላጆች ልጅ እንደ ተወለደ ስሙን ያስመዘግባሉ። በ1992 የደቡቡ ሰገነት፣ ከ2002 እስከ 2006 ደግሞ ሰሜኑ በሙሉ ፈርሶ እንደ አዲስ ተሠራ፤ የኦሊምፒኩ ሰገነትና የአባላቱ አሮጌ ቤት በዚያ ጊዜ ጠፉ። የደቡቡ ሰገነት ዛሬ የሼን ዋርንን ስም ይዟል። ኳስ በማሽከርከር ወደር ያልነበረው ይህ የሜልበርን ልጅ 700ኛ ሰለባውን በገና ማግሥት 2006 እዚሁ ነው ያስወጣው፤ በ2022 በድንገት ሲያርፍ የመንግሥት የስንብት ሥነ ሥርዓት የተደረገለትም በዚሁ ሣር ላይ ነው።

አሁን ወደዚያች ገበታ ልመለስ። እግር ኳስ ክረምቱን ሙሉ ሲረግጠው የሚከርም ሜዳ መሃል ላይ ጥሩ ፒች ማቆየት አስቸጋሪ ነው፤ ፒቿ ጠንካራ ሸክላ ናት፤ እግር ኳሰኞቹ ደግሞ ሲወድቁ እንዳይጎዱ ለስላሳ ሣር ይፈልጋሉ። ስለዚህ በ1990ዎቹ ሜዳው ለፓከር በሩን በዘጋበት ዘመን የተፈለሰፈውን ዘዴ ወሰደ። ፒቾቹ ከመጫወቻው ውጭ በብረት ገበታዎች ውስጥ ይበቅላሉ፤ ይጠጣሉ፣ ይታጨዳሉ፣ በመዳመጫ ይጠቀጠቃሉ። እያንዳንዳቸው ከ20 ቶን በላይ ይመዝናሉ። ዘዴው እንከን አያጣውም፤ በ2017 የገና ማግሥት ግጥሚያ ፒቿ ሕይወት አልነበራትም። እንግሊዛዊው አላስተር ኩክ 244 ነጥብ አስቆጥሮ ሳይወጣ ቀረ፤ ግጥሚያው ያለ አሸናፊ አለቀ፤ የዓለም አቀፉ ክሪኬት ምክር ቤትም ፒቿን «ደካማ» ሲል መዘገባት።

መስከረም መጨረሻ የእግር ኳሱ ዋንጫ ከተነሣ በኋላ ልዩ ማጓጓዣው ይገባል። በሜዳው መሃል ያለው ሣር ተቆርጦ ይነሣል፤ ገበታዎቹ አንድ በአንድ እየተጎተቱ በተዘጋጀው ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ክፍተቱ በአፈር ይደፈናል። በጋው አልፎ የመጨረሻው ኳስ ሲወረወር ያው መኪና ተመልሶ ይመጣል። ፒቾቹ ወደ ማሳደጊያቸው ይወጣሉ፣ ጉድጓዱ በለስላሳ ሣር ይሸፈናል፣ እግር ኳሰኞቹም ይገቡበታል።